ልጆቻችን እርጅናን ከማን ይማሩ?

(በማኅበራችን የፀደይ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር። በዕለቱ ላልተገኛችሁ አባላት ሙሉውን እነሆ አትመነዋል።)



አቦሉ ከመቅረቡ በፊት እንድጨርስ ተነግሮኛል፤ ስለዚህ ሐተታ አላበዛም።

ዛሬ የምናገረው ስለ እርጅና ነው። ነገር ግን ስለ ጉልበታችንና ስለ ስኳራችን ልናወራ አይደለም፤ እሱን ቡናው ላይ እንደርስበታለን። የእኔ ጉዳይ በየቤታችን ስላሉት የ13፣ የ15፣ የ17 ዓመት ልጆች ነው። ስለ እርጅና ምን ያውቃሉ? ያወቁትንስ ከማን ሰሙት? ከአዛውንቶች ጋር መሥራትን እንደ ሙያ አድርጎ ያሳያቸው ሰው አለ?

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአዛውንቶች መጦሪያ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። በሲኤንኤነት ጀመርኩ፤ ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርኩ ዛሬ ኤልፒኤን ነኝ። አሁን «አዛውንት የምትንከባከቡ፣ ወይም ተንከባክባችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ» ብላችሁ ግማሹ ክፍል እጁን እንደሚያወጣ አውቃለሁ። የብዙዎቻችን ኪራይ የተከፈለው፣ ልጆቻችን የተማሩት፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችን የላክነው በዚህ ሥራ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የልጄን ቦርሳ ላጥብ ብዬ ሳራግፍ ከሥሩ የተጨማደደ ወረቀት አገኘሁ። ትምህርት ቤቱ ወላጆች መጥተው ስለ ሥራቸው ለተማሪዎች እንዲናገሩ የሚጋብዝበት ደብዳቤ ነው። ቀኑ አልፏል። ልጄ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «እማዬ፣ መጥተሽ ምን ልትዪ? የሽማግሌ ዳይፐር እቀይራለሁ ልትዪ ነው?» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጀመሪያ ተናደድኩ። የበላችው፣ የለበሰችው ከየት መጣና! ሲነጋጋ ግን ሌላ ነገር ታሰበኝ። ይህን ማን አስተማራት? ትምህርት ቤቱ አይደለም። ጓደኞቿም አይደሉም። እኔ ነኝ። ከሥራ ስገባ የማወራው ስለ ወገቤ ነው፤ ስለ ሽታው ነው፤ ስላመናጨቀኝ ቤተሰብ ነው። ማጥናት ስትሰለች ደግሞ «ተማሪ! እንደ እኔ የሰው ሽማግሌ ስታገላብጪ እንዳትኖሪ» እላታለሁ። ለ15 ዓመት ይህን የሰማች ልጅ ደብዳቤውን ብትደብቅ ምን ይገርማል? ትምህርቷን ተምራ ነው።

እህቶቼ፣ ይህን አባባል ያላለች እናት ብትኖር ደስ ይለኛል። ክፋት የለበትም፤ ለልጆቻችን ከእኛ የተሻለ መመኘት ነው። ግን ከምኞቱ ጋር ሁለት ነገር አብረን እንሰጣቸዋለን። አንደኛው እርጅና የሚያስጠላ ነገር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው አዛውንትን መርዳት ሌላ ያጣ ሰው ሥራ ነው የሚል ነው። ሁለቱም ሐሰት ናቸው፤ ሁለቱም ዞረው እኛኑ ያገኙናል።

እንዴት እንደሚያገኙን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በሠራሁበት በአንዱ ቤት ከዓመታት በፊት አንዲት ያገራችን እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። እዚህ አገር ከ20 ዓመት በላይ ኖረዋል፣ ሠርተዋል፣ እንግሊዝኛ በደንብ ይናገሩ ነበር። የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው ግን በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሄደ፤ አማርኛው ቀረ። ይህ በብዙ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች ላይ የሚታይ ነገር ነው። ሌሊት ሌሊት ይነሳሉ፤ ይጮኻሉ፤ በሩን ይገፋሉ። መዝገባቸው ላይ «ትረበሻለች፣ ትታገላለች» ተብሎ ተጽፎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ታዞላቸዋል። እኔ ከሌላ ፎቅ ተዛውሬ የመጀመሪያ ሌሊቴን ስገባ የሚሉትን ሰማሁ። «እሳቱን አላዳፈናችሁትም፤ ልጆቹ ይቃጠላሉ» ነው የሚሉት።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና «አዳፍኜዋለሁ እማማ፤ አመዱን መልሼበታለሁ፤ ይተኙ» አልኳቸው። ፊቴን ትክ ብለው አዩና «ልጆቹስ?» አሉ። «ተኝተዋል» አልኩ። ተኙ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ማን ተረኛ ቢሆን እንዲልላቸው ብዬ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በፈረንጅ ፊደል ጽፌ ግድግዳቸው ላይ ለጠፍኩ። ከፊሊፒንስና ከሴራሊዮን የመጡት ባልደረቦቼ አፋቸው እየተኮላተፈ «አዳፍኜዋለሁ እማማ» ይሏቸው ነበር። ይሠራ ነበር።

አሁን ቁጥራችንን እንይ። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው እ.ኤ.አ. የ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ነው። ያኔ በ20ዎቹ ዕድሜያችን የነበርን ዛሬ 65ን አልፈናል። ብቻችንንም አይደለንም፤ እ.ኤ.አ. በ2030 አሜሪካ ውስጥ ከ1946 እስከ 1964 የተወለዱት በሙሉ 65 ዓመት ይሞላቸዋል ወይም ያልፋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሚሆን ይናገራል። እኛ እሳት ስላልተዳፈነ ስንጮኽ ማን ይሰማናል? «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ተብለን ተመርቀናል። ምርቃቱ ግን ያላስተማርነውን ልጅ ጧሪ አያደርገውም።

ስለዚህ ከልጄ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ከሁለት እህቶች ጋር ሆነን 9 ልጆች ሰበሰብን። በወር አንድ ቅዳሜ፣ በቤተ መጻሕፍት አንዲት ክፍል። የሆነውን ልንገራችሁ፤ ያበላሸሁትንም ጭምር።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አበላሸሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ «በእኛ ጊዜ ታላቅ ይከበር ነበር» እያልኩ ሰበክኩ። ዘጠኙም ስልካቸውን አዩ። አልፈርድባቸውም። የእኛም ቋንቋ ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ከመቀመጫችን እንነሣለን፣ ዞር ሲል ደግሞ «ካረጁ አይበጁ» እንላለን። የመርሳት በሽታ የያዛትን እናት «ጃጀች» ብለን እንዘጋዋለን።

ሁለተኛውን ቅዳሜ በጥያቄ ጀመርኩ። እውነት ወይስ ሐሰት?

«ሲያረጁ ሁሉም ሰው የማስታወስ ችሎታው ይጠፋል።» ስምንቱ እውነት አሉ። ሐሰት ነው። ስም ቶሎ አልመጣ ማለት፣ ቁልፍ መርሳት አንድ ነገር ነው፤ የመርሳት በሽታ ሌላ ነው። በሽታ እንጂ የእርጅና ግዴታ አይደለም። እዚህ አገር አልዛይመር ያለበት ከ65 ዓመት በላይ ካሉት ከ9 ሰዎች አንድ ያህሉ ነው።

«አሜሪካውያን ወላጆቻቸውን ነርሲንግ ሆም ይጥላሉ።» ሁሉም እውነት አሉ፤ እኛም እንላለን አይደል? ሐሰት ነው። 65 ዓመት ከሞላቸው ከ100 ሰዎች ነርሲንግ ሆም የሚኖሩት 5 እንኳ አይሞሉም። አብዛኛውን የሚንከባከበው ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰብም በብዛት ሴት።

«ጆሮው ለደከመ ሰው መጮኽ ይረዳል።» እውነት አሉ። ሐሰት ነው። በእርጅና መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ስንጮኽ ድምፃችን ይቀጥናል፤ ቁጣም ይመስላል። ፊት ለፊት ሆኖ፣ ድምፅን ወፈር አድርጎ፣ ቀስ ብሎ መናገር ነው።

«ስለ እርጅና ያለን አመለካከት በጤናችን ላይ ለውጥ አያመጣም።» ይህንንም እውነት አሉ። የየል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ኦሃዮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከተከታተሏቸው ሰዎች መካከል ስለ ራሳቸው እርጅና መልካም አመለካከት የነበራቸው በአማካይ 7 ዓመት ተኩል ያህል የበለጠ ኖረዋል። ይህን ስናገር አንዷ ልጅ «እንግዲያው እናቴ ሽበቷን እያየች ‹አለቀልኝ› ማለቷን ታቁም» አለች። እናቷ እዚህ ተቀምጣለች፤ አደራዬን አድርሻለሁ።

ሰውን በዕድሜው ብቻ መናቅ በእንግሊዝኛ «ኤጂዝም» ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠረው ሐኪሙ ሮበርት በትለር ነው፤ ያኔ እዚሁ ዋሽንግተን ቼቪ ቼዝ በሚባለው ሰፈር ሰዎች የአዛውንቶች መኖሪያ እንዳይሠራ ሲቃወሙ አይቶ ነው። ልጆቹ ስለ ዘር መድልዎ ያውቃሉ፤ ይህኛው ግን ስም እንዳለው አልሰሙም ነበር። ስሙን ሲያገኙ ማየት ጀመሩ።

ሦስተኛውን ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት አስረጀናቸው። ርካሽ መነጽር ላይ ቫዝሊን ቀባን። ጆሯቸውን በጥጥ ደፈንን። ካልሲያቸው ውስጥ ሽምብራ ጨመርን። ጣቶቻቸውን ሁለት ሁለቱን በፕላስተር አሠርን። ከዚያ የመድኃኒት ብልቃጥ ከፍተው በውስጡ ያለውን ከረሜላ የጠዋትና የማታ ብለው እንዲለዩ፣ ቀጥሎም በማሽን ወደሚመልስ ስልክ ደውለው ከሰው ጋር እስኪገናኙ እንዲጠብቁ አደረግን። ብልቃጡን የከፈቱት ሦስት ናቸው። አንድ የ17 ዓመት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች «አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ» ሲባል ሳይሰማ ሦስት ጊዜ ተዘጋበት። መነጽሩን አውልቆ ትንሽ ቆየና «አያቴ ስልኩን ስትዘጋው እስቅባት ነበር» አለ። ሌላ ስብከት አላስፈለገም።

አራተኛው ወር ላይ ወደ አዛውንቶቹ ሄድን። የሜሪላንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት እንዳለበት ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ ልጆቻችን በመጨረሻው ዓመት ተሯሩጠው ነው የሚሞሉት። ሰዓቱ እንዲያዝላቸው የትምህርት ቤቱን አስተባባሪ አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል። አብረናቸው ስንሄድ ጥቂት ደንብ ሰጠናቸው። በር አንኳኩ። አንቱ በሉ። ከቆማችሁበት አትናገሩ፤ ወንበር ስባችሁ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ ጠብቁ፤ ዝምታውን አትሙሉት። «ታስታውሱኛላችሁ?» ብላችሁ አትፈትኑ፤ ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ። ሰው አታንሡ፣ መድኃኒት አትስጡ፣ ገንዘብ አትንኩ። የሰማችሁትን የሰው ገመና ይዛችሁ አትውጡ፤ ፎቶም አታንሡ።

አንዲት እናት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ልጆቹ የስልክ ጥሪ በሰው እጅ ያልፍ እንደነበር አያውቁም። እማማ መስመሩን እንዴት ይሰኩ እንደነበር በእጃቸው አሳዩአቸው፤ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ እንዴት እንደሚያስጠነቅቁም በዚያው በሥራ ድምፃቸው አሰሟቸው። ጣታቸው የሚንቀጠቀጠው ያች ሴት ለአንድ ሰዓት አልተንቀጠቀጡም ብል ውሸት ይሆናል፤ ተንቀጥቅጠዋል። ልጆቹ ግን ይመለከቱ የነበረው መንቀጥቀጡን አልነበረም።

አሁን ወደ ሙያው ልምጣ፤ እናቶች ብዙ የምትጠይቁኝ እሱን ነው።

«ከአዛውንት ጋር መሥራት» ሲባል ልጆቻችን የሚያውቁት የእኛን ሥራ ብቻ ነው። መሰላሉ ግን ረጅም ነው፤ የመጀመሪያው ርከንም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ለሲኤንኤ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብዙ ስቴቶች ከዚያ በላይ ያስገድዳሉ። ከዚያ የጽሑፍና የእጅ ፈተና አለ። በአንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሳይመረቁ መማር ይቻላል። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ተምሮ ኤልፒኤን፣ በሁለት ወይም በአራት ዓመት ደግሞ አርኤን መሆን ይቻላል። ነርስነትን የማይወድ ልጅ ፊዚካል ቴራፒስት ይሁን፤ ወድቆ የተሰበረን ሰው እንደገና ያስረግጣል። እዚህ አገር ከ65 ዓመት በላይ ካሉት ከ4 ሰዎች ከአንድ በላይ በየዓመቱ ይወድቃሉና ሥራ አያጣም። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሰው ራሱን ችሎ እንዲለብስና እንዲበላ ያሠለጥናል። የንግግር ቴራፒስት ስትሮክ የመታውን ሰው ንግግሩን ብቻ ሳይሆን መዋጥንም ያስተምራል። የጆሮ ባለሙያ፣ የምግብ ባለሙያ፣ የመጦሪያ ቤት አስተዳዳሪ፣ የአዛውንቶችን ጉዳይ የሚይዝ የሕግ ባለሙያም አለ።

ሶሻል ወርከርን ደግሞ ለብቻው ልጥቀስ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1965 የወጡ ናቸው፤ ግን ስንቶቻችን እንለያቸዋለን? ሜዲኬር ካለኝ ነርሲንግ ሆም ይከፍልልኛል ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ለረጅም ጊዜ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ሜዲኬር በአብዛኛው አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ እሱም ገቢውና ጥሪቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ነው። ይህን በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ወጣት ለስንት ቤተሰብ ይደርስ ነበር!

ሐኪም መሆን የሚፈልግም አለ። የአዛውንቶች ሐኪም ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ በውስጥ ደዌ ወይም በቤተሰብ ሕክምና 3 ዓመት፣ ከዚያም በአዛውንት ሕክምና ቢያንስ አንድ ዓመት ይሠለጥናል። ብዙ ሐኪሞች የማይመርጡት ዘርፍ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ ቀጠሮ ጠብቃችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ግን ልጆቻችንን አንዋሻቸው። የሲኤንኤ ክፍያ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። ወገብ ይጎዳል። አንዱ ተረኛ ሲቀር የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። በቆዳችን፣ በአነጋገራችን የሰደበን ሰው አለ። የምንወደው ሰው ይሞትና በማግስቱ አልጋው በሌላ ይያዛል። ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ልዩነቱ፣ ድሮ ይህን ብቻ ነበር የምነግራት። አሁን የቀረውንም ነገርኳት። ቆዳ ሳይቆስል በፊት መልኩን አይቼ እንደማውቅ፣ አንድ ሰው ምሳውን ሲተው ከመዝገቡ ቀድሜ መታመሙን እንደምጠረጥር፣ ሽማግሌን ሳላሳፍር ማጠብ ራሱን የቻለ እውቀት እንደሆነ። «ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?» አለችኝ። ስለ ሥራዬ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

ልጄ ነርስ ልትሆን ነው ብዬ እንድጨርስ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ። ምሕንድስና ነው የምትፈልገው። ባለፈው ወር ግን እዚሁ አዳራሽ ስትገባ «እማዬ፣ ደረጃው እኮ መደገፊያ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱም የውኃ መክፈቻ ጣቱ ለሚያመው ሰው አይዞርም» አለችኝ። እኔ እዚህ አዳራሽ 10 ዓመት ስመላለስ አላየሁትም። አዛውንትን የሚያስብ መሐንዲስም ያስፈልገናል፤ ባለ ባንክም፣ የስልክ ፕሮግራም የሚሠራም፣ አውቶቡስ የሚነዳም። ሁሉም ነርስ ይሁን አላልኩም። እርጅናን የማያውቅ ልጅ ግን ከቤታችን አይውጣ።

ከማኅበራችን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቅዳሜው ትምህርት የእኛ የሦስት ሴቶች ሆኖ አይቅር፤ ማኅበሩ ይያዘውና በየተራ እናስተምር። ቁስሉን የምታውቅ ስለ ቁስል፣ የኢንሹራንስ ወረቀት የምትሞላ ስለ ወረቀቱ ትናገር። ሁለተኛ፣ በየአካባቢያችን ብቻቸውን የሚውሉ አዛውንቶቻችንን ስም፣ እነርሱ ከፈቀዱ፣ እንያዝና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር እንመድብ። ሦስተኛው በየቤታችን የሚደረግ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን እራት ላይ አስቀምጡና ሥራችሁን ንገሯቸው። ድካሙን ብቻ አይደለም፤ የምታውቁትን ንገሯቸው።

«እርጅና ብቻህን ና» ይላሉ ታላላቆቻችን፤ በሽታንና ችግርን አስከትለህ አትምጣ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ እርጅና ሲመጣ እኛን ብቻችንን አያግኘን። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ ልጅ ይዘን እንምጣ። የራሷ የሌላት የጎረቤቷን ታምጣ።

ሽታው ደርሶናል፤ ቡናው ይቅረብ።